አያቴ «ዘራችን ቤተ እስራኤል ነው» ብላ ዐረፈች፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተነሥቼ ያደግኩ ነኝ። የእናቴ እናት ደምቢያ የተወለደች ናት። ባለፈው ዓመት ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብላ ለአክስቴ ‹ዘራችን ቤተ እስራኤል ነው፤ ዝም ያልኩት ለእናንተው ብዬ ነው› አለቻት። አሁን ሳስበው ዓርብ ማታ እሳት ታጠፋ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ አፏ አይገባም፤ ልጅ ሳለች ሸክላ ትሠራ እንደነበረም ሰምቻለሁ። እናቴን ስጠይቃት ‹የሞተ ሰው አጥንት አትቆፍሪ› ብላ ትቆጣለች። አንዷ ጓደኛዬ ዲኤንኤ ተመርመሪ ትለኛለች፤ ሌላ ሰው ደግሞ በገንዘብ የእስራኤል ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባ አውቃለሁ ይላል። እኔ የምፈልገው እውነቱንና አያቴ የደበቀችውን ጸሎት ማወቅ ነው። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «አያቴ ማን ነበረች?» የሚል የዘር ጥያቄ ነው፤ በሰው ምስክርነት፣ በስም፣ በቦታና በዘመን ይጣራል። ሌላው «እሷ የጸለየችበትን መንገድ ልያዘው ወይ?» የሚል የእምነት ጥያቄ ነው፤ ይህን የትኛውም ማስረጃ አይወስንልሽም። ለያይተሽ ያዣቸው፤ የዘሩንም አስቀድሚ። ኦሪት ከዓመት በኋላም ይነበባል፤ የአያትሽ እኩዮች ግን አርጅተዋል፤ ከእነሱ ጋር የሚቀበረውን ስም የትም መዝገብ ላይ አታገኚውም።

በመጀመሪያ የጻፍሽልንን ምልክቶች እንመዝናቸው። በኢትዮጵያ ኦሪታዊ የሆነ ልማድ ሁሉ የቤተ እስራኤል አይደለም። ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን መግረዝ፣ የእሪያ ሥጋ አለመብላት፣ ከወሊድ በኋላ 40 እና 80 ቀን መቁጠር በክርስቲያኑም ቤት ያለ ነው። ቅዳሜን ማክበርም እንዲሁ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ዘመን ተከራክረው፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። ስለዚህ «አያቴ ቅዳሜ አትፈጭም ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ክርስቲያን ያልሆነ ዘር አያሳይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ከኦሪት ስሞችና ከሰንበት ተነሥቶ «እኛም እስራኤል ነን» ይላል።

የእሳቱ ነገር ግን ክብደት አለው። ቤተ እስራኤል «በሰንበት ቀን በቤታችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን የዘጸአት 35፥3 ቃል እንደተጻፈ ይጠብቁ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፤ ቅዳሜን ሙሉ የሚበላው ቀድሞ የተዘጋጀ፣ የቀዘቀዘ ምግብ ነው፤ መብራትም አይበራም። አክስትሽን ስታገኚያት «እሳት ታጠፋ ነበር?» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። «ታዳፍነው ነበር ወይስ ውሃ አፍስሳ ታጠፋው?» በያት። ረመጡን በአመድ አዳፍኖ ማደር የማንኛዋም ባለ ቤት የዕለት ሥራ ነው። ዓርብ ዓርብ ብቻ ፈጽሞ ማጥፋት፣ ቅዳሜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከጎረቤት ፍም ማምጣት ሌላ ነገር ነው።

ጥሬ ሥጋ አለመቅመስ መጠነኛ ምልክት ነው። ቤተ እስራኤል ደም ያለበትን አይነኩም፤ ቁርጥ የማይወድ ክርስቲያንም ግን ሞልቷል። ሸክላም እንዲሁ፤ በጎንደር ዙሪያ ሸክላ መሥራት የቤተ እስራኤል ሴቶች፣ ብረት መቀጥቀጥና ሽመና የወንዶቻቸው ሙያ ሆኖ ቢታወቅም ሙያው የእነሱ ብቻ አልነበረም። ደምቢያና ጭልጋ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅማንቶችም በዚያው የሚኖሩ፣ አገውኛ የነበራቸው፣ ቅዳሜን የሚያከብሩና የራሳቸው የሃይማኖት መሪ ወምበር ያላቸው ሕዝብ ናቸው። የአያትሽ ዘር ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያሳፍር ወይም ያነሰ ነገር አይደለም፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ገና ከመነሻው አብረሽ ልትመረምሪው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብዱት ምልክቶች ደብዳቤሽ ውስጥ የሌሉት ናቸው። አንዱ ጎጆው ነው። የቤተ እስራኤል ሴት የወር አበባ ሲመጣባት ሰባት ቀን ከቤቷ ወጥታ መርገም ጎጆ ትቀመጣለች። ወንድ ስትወልድ 7 ቀን በመርገም ጎጆ፣ 33 ቀን በአራስ ጎጆ ትቆያለች፤ ሴት ስትወልድ 14 እና 66 ቀን። ድምሩ ያው 40 እና 80 ነው፤ በዘሌዋውያን 12 እንደተጻፈው። ልዩነቱ ቁጥሩ ሳይሆን ከቤት መውጣቱ ነው። ጎጆው ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደርለታል፤ ምግብ የምታመጣላት ሴት ድንጋዩን ሳታልፍ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ቀኑ ሲሞላ ሴትዮዋ ወንዝ ወርዳ ሰውነቷንና ልብሷን ታጥባ ፀሐይ ስትጠልቅ ትገባለች። ሁለተኛው ፋሲካ ነው፦ ሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ከቤት ወጥቶ፣ እንጀራውም ጠላውም ቀርቶ፣ ያልቦካ ቂጣ መብላት። ሦስተኛው ከሌላ ሰው ጋር ሲነካኩ መታጠብ ነው፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው የነበረው ለዚህ ነው። መንደሩ ወንዝ ዳር መሆኑም ከዚሁ ይመጣል። አራተኛው መቃብር ነው። የቅድመ አያትሽ እናት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው የተቀበረችው ወይስ ሌላ ቦታ? ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱ፣ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ከተሰሙ፣ ነገሩ ከወሬ አልፏል።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ፤ ቁጣዋን እንደ እንቅፋት ብቻ አትይው። «ቡዳ» መባል በዚያ አገር ተራ ስድብ አልነበረም፤ ልጅ ሲታመም የሚጠረጠረው፣ የሚደበደበው፣ አንዳንዴም የሚገደለው በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ነው። «ፈላሻ» እና «ካይላ» የሚሉት ስሞችም በውርደት የተነገሩ ናቸው። በቤተ እስራኤል ዘንድ የሚነገረው ታሪክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ብሎ ማወጁን ያስታውሳል፤ ርስት የሌለው ጭሰኛና እጀ ባለሙያ ሆኖ ቀረ። እምነት ለውጠው የገቡት ብዙዎቹ መሬት፣ ጋብቻ ወይም ሰላም ፈልገው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ከዚያም በፊት ከ1850ዎቹ ጀምሮ የውጭ ሚሲዮናውያን ሲገቡ የተለየው ቤተሰብ ብዙ ነው። አያትሽ «ለእናንተው ብዬ ነው» ያለችው ይህን ሁሉ ይዛ ነው። እናትሽም የምትጠብቀው አንቺን ነው።

ስለዚህ «እኛ ፈላሻ ነን እንዴ?» ብለሽ አትጠይቂ። ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «አይደለንም» ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ከጎን ጠይቂ። «ውሃ የት ነበር የምትወርዱት? የወንዙ ስም ማን ነው? ሴት ስትወልድ የት ነበር የምትቆየው? ከእነማን ጋር ነው የማትጋቡት? በ77 ከመንደራችሁ ማን ማን ሄደ?» እነዚህ ሰው የማይሰድቡ፣ ትዝታ የሚቀሰቅሱ ጥያቄዎች ናቸው። በተለይ የጋብቻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል፤ ሰው ስለ ራሱ ዘር ዝም ቢል እንኳ ጎረቤት ማን ከማን እንደማይጋባ ያውቃል። ከእናትሽ ሳይሆን ከአክስትሽ ጀምሪ፤ ምስጢሩ የተሰጠው ለእሷ ነው። እናትሽ አንቺ የምትሰሚው ውርደት ሳይሆን ታሪክ መሆኑን ስታይ ራሷ የምትጨምረው ነገር ይኖራታል፤ ባትጨምርም አታስጨንቂያት።

ሌላ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። አያትሽ ክርስትና የተነሣችው በስንት ዕድሜዋ ነው? በክርስቲያን ቤት የተወለደች ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ትልቅ ልጅ ሆና ወይም ልታገባ ስትል ከተጠመቀች ነገሩ ሌላ ነው። የክርስትና እናቷ ማን እንደነበረችም ጠይቂ፤ ዘመድ ያልሆነች የባለ ርስት ሚስት ከሆነች ቤተሰቡ በጥገኝነት ገብቶ የተጠመቀ ሊሆን ይችላል። የተጠመቀችበት ደብር ስም ከታወቀ የደብሩን ሽማግሌዎች ማግኘት ይቻላል።

ምስክርነቱን ስትሰበስቢ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ መድቢ። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለደበት መንደር፣ የቅርቡ ወንዝና ደብር፣ ሙያ፣ የተቀበረበት ቦታ፣ ይህን የነገረሽ ማን እንደሆነና መቼ እንደነገረሽ ጻፊ። የመጨረሻው እንዳይረሳ፤ ከስድስት ወር በኋላ አክስትሽ ያለችውና ጎረቤት ያለው ይደባለቅብሻል። በስልክሽ ቅጂ፤ ግን አስፈቅደሽ። ሽማግሌን ከአንድ ሰዓት በላይ አታስቀምጪ፤ ድካም ሲገባ ስሞች ይወራረሳሉ፤ የአያት ስም ለአባት ይሰጣል።

በዘመንና በቦታ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሽማግሌ የዓመት ቁጥር ብትጠይቂው የገመተውን ይነግርሻል። በክንውን ጠይቂ፦ «ጣልያን ሲገባ ስንት ዓመቷ ነበር? እግር አውጥታ ነበር? አግብታ ነበር?» ክፉ ቀን፣ የጣልያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933)፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ ጥሩ ችካሎች ናቸው። ቦታ ሲነገርሽ ደግሞ የድሮውን አጠራር ያዢ። በአያትሽ ዘመን አገሩ በጌምድርና ስሜን ይባል ነበር፤ ጭልጋ፣ ጎንደር፣ ወገራ፣ ስሜን፣ ሊቦ አውራጃዎች ነበሩት። ዛሬ በወረዳና በቀበሌ ቁጥር የሚጠራ መንደር በቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ዘንድ የሚታወቀው በአሮጌ ስሙ ነው። በእስራኤል የሚኖር ሰው «ቀበሌ 07» ብትይው አያውቅሽም፤ የወንዙን ስም ብትነግሪው ማን በየት በኩል ይኖር እንደነበር ይዘረዝርልሻል።

ስለ ሰባት ቤት ቆጠራ አንድ ነገር ልብ በይ። በቤተ እስራኤልም በአማራውም እስከ ሰባት ቤት መጋባት ክልክል ስለሆነ ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በየአገሩ አሉ፤ ትልቁ መዝገብሽ እነሱ ናቸው። ነገር ግን ቆጠራው ብዙ ጊዜ በአባት በኩል ይሄዳል፦ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ። የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ደግሞ የሚጠይቀው የእናትን መስመር ነው። ሽማግሌው ሰባት ወንዶች ቆጥሮልሽ ደስ ብሎሽ ብትመለሺ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልግሽ ነገር እጅሽ ላይ የለም። «የእሷ እናት ማን ትባላለች? የማን ልጅ ናት? ከየት መንደር መጣች?» እያልሽ በየደረጃው በእናት በኩል አስቆጥሪ። ሰባት ድረስ ላይደርስ ይችላል፤ ከአያትሽ በላይ ሦስት ሴቶች ከነመንደራቸው ከተገኙ ክፉ ቀን አካባቢ ደርሰሻል፤ ይህ ብዙ ነው።

ማጣራቱ የሚጸናው ግን እስራኤል ያሉ ዘመዶች ሲገኙ ነው። በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በሱዳን በኩል በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ሄዷል፤ በእግር ሱዳን ለመድረስ ሲሞክሩና በመጠለያዎቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚገመቱ ሞተዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተወስዷል። ቤተ እስራኤል ዛሬ በብዛት ካሉባቸው የእስራኤል ከተሞች ኔታንያ፣ አሽዶድ፣ ረሆቮት፣ ቂርያት ጋትና ቤርሳቤህ ይገኙበታል። አማርኛ ይናገራሉ፤ ቄሶቻቸውም እዚያ አሉ። የእስራኤል ሬዲዮ የአማርኛ ሥርጭትም አለው። ስትጠይቂያቸው ባዶ እጅሽን አትሂጂ፦ የአያትሽን አባትና እናት ስም፣ የመንደሩንና የወንዙን ስም፣ ከ1966 በፊት የነበረ አንድ ፎቶግራፍ ቢገኝ እሱን ያዢ። «ዘመዴ ናችሁ ወይ?» ከማለት «እገሌ የሚባል ቀጥቃጭ ታውቃላችሁ? ልጁ ክርስቲያን አግብታ የወጣች?» ማለት ይሻላል። እንዲህ ያለ መለያየት ቤተሰብ አይረሳውም።

ሰነድ ብዙ አትጠብቂ። ከቤተሰብሽ ወገን ስለ ቤተ እስራኤል ባጠናው አይሁዳዊ ምሁር በዣክ ፋይትሎቪች በኩል ወደ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ካለ ግን ወረቀት ሊኖር ይችላል። ሰውየው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ታምራት አማኑኤል ናቸው። የፋይትሎቪች ስብስብ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ስለ ዲኤንኤ በአጭሩ፦ ገንዘብሽን አሁን አታውጪ። በዘር ውርስ ጥናት ቤተ እስራኤል ከአገውና ከሌሎች የሰሜን ኢትዮጵያ ጎረቤቶቻቸው ጋር እጅግ ይቀራረባሉ። የምርመራ ኩባንያዎች «አይሁድ» ብለው የሚያወጡት መቶኛ በዋናነት ከአውሮፓ አይሁድ ናሙና ጋር የሚነጻጸር ስለሆነ ዜሮ ቢወጣ ምንም አያስተባብልም፤ ሁለት በመቶ ቢወጣም ምንም አያረጋግጥም። የሚጠቅመው አንድ ነገር ዘመድ ከዘመድ ማገናኘቱ ነው። የአንድ ቅድመ አያት ዘሮች በምርመራው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አንድ ትውልድ ሲርቅ አብዛኞቹ፣ አሁንም አንድ ሲርቅ ግማሽ ያህሉ ብቻ። ስለዚህ እስራኤል ውስጥ ዘመድ ሊሆን የሚችል ሰው ስታገኚና እሱም ፈቃደኛ ሲሆን ያኔ ትመረመራላችሁ። በእስራኤል የዝምድና ዲኤንኤ ምርመራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚጠይቅም እወቂ። ከአንቺ ይልቅ አክስትሽ ብትመረመር ይሻላል፤ አንቺ ከአያትሽ የወረስሽው ሩብ ያህል ሲሆን እሷ ግማሹን ይዛለች።

በገንዘብ ዝርዝር ውስጥ አስገባሻለሁ ለሚለው ሰው አንዲት ብር አትስጪ። ስምሽን በክፍያ የሚያስገባ ሕጋዊ መንገድ የለም፤ በሐሰት የተሞላ ቅጽ ደግሞ አንቺን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ ያላቸውን ዘመዶችሽን ያበላሻል። ሕጉ እንዲህ ነው። የ1950ው የመመለስ ሕግ በ1970 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ለአይሁዳዊ ልጅና የልጅ ልጅ ተዘርግቷል፤ ነገር ግን አይሁዳዊ የሚለውን ሲተረጉም ከአይሁድ እናት የተወለደ ወይም ወደ ሃይማኖቱ የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ይላል፤ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠውንም ያስቀራል። ለዚህ ነው ዘራቸው ቤተ እስራኤል ሆኖ ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች ልጆች በመመለስ ሕግ ሳይሆን በየጊዜው በሚወጡ የመንግሥት ውሳኔዎች የሚሄዱት። የቅርቦቹ ውሳኔዎች ቀድሞ የተመዘገቡትንና እስራኤል ውስጥ የቅርብ ቤተሰብ ያላቸውን ነው የሚመለከቱት። ጎንደርና አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ፍላጎትሽ እውነቱን ማወቅ ከሆነ ይህን መንገድ ከፍለጋሽ አታደባልቂው፤ የጉዞ ጥያቄ የገባበት ምስክርነት ይበላሻል፤ ሽማግሌውም የምትፈልጊውን ይነግርሻል።

እንግዲህ ወደ ጸሎቱ። የአያትሽ መንገድ ምን እንደነበረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቤትሽ ካለ ኦሪትም፣ ዳዊትም፣ ኩፋሌም፣ ሄኖክም እዚያው አሉ፤ ቤተ እስራኤል የሚያነቡትም በዚያው በግእዝ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 20 እና 35 ጀምሪ፤ ከዚያ መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 50ን አንብቢ። በሰንበት ውሃ አለመቅዳት፣ ሸክም አለማንሳት፣ መንገድ አለመሄድ፣ አለመጾም ከየት እንደመጣ እዚያ ታገኚዋለሽ። የራሳቸው የሆነው ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው መጽሐፍ ሰንበትን እንደ ንግሥት፣ በእግዚአብሔር ፊት ስለ ሕዝቧ እንደምትለምን አድርጎ ያከብራታል። ጸሎታቸው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብሎ ይከፍታል፤ በግእዝ ይሄዳል፤ በመካከሉ የአገውኛ ቃላት አሉበት። ታልሙድ የሚባለው የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ አልነበራቸውም።

ሰንበትን መቅመስ ከፈለግሽ አንድ ዓርብ ምረጪ። ምሳ ሳይደርስ ልብስሽን እጠቢ፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ምግብ ሥሪ፤ ዳቦ ጋግሪ፤ ውሃ ቅጂ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጠቢና ምድጃውን አጥፊ። ቅዳሜ ጠዋት ዳዊት ድገሚ፤ ዳቦውን ባርከሽ ቁረሺ። በአገሩ ዳቦውን የሚባርከው ቄሱ ነው፤ ከጸሎት በኋላ ለሁሉም ይታደላል። የሚከብደው እሳቱ ሳይሆን ስልኩ ነው። ቀድመሽ ለቤተሰብሽ ካልነገርሽ በእኩለ ቀን ሰው ይጨነቃል፤ አንቺም ትከፍቺዋለሽ። አራት ተከታታይ ሰንበት ከሞከርሽ በኋላ ልብሽ የሚለውን ታውቂያለሽ።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወዳለው ምኩራብ ብትሄጂ ግን ይህን ሁሉ አታገኚውም፤ አትደንግጪ። እዚያ የምትሰሚው ዕብራይስጥ ነው፤ የምታዪው የዓርብ ሻማ፣ ታሊት (የጸሎት መጎናጸፊያ) እና ተፊሊን (በክንድና በግንባር የሚታሰር የኦሪት ጥቅስ የያዘ ማኅደር) ነው። አያትሽ ሻማውን ብታይ ሰንበት ተሻረ ትል ይሆናል። ይህ የረቢዎች ሥርዓት ነው፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በቤተ እስራኤልም ዘንድ የገባ። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የወጡ አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ የተመረኮዙት ራድባዝ በሚባሉት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ረቢ የሕግ መልስ ላይ ነው፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥት ተቀበለው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ምንጩ የተለያየ ሐሳብ አላቸው፤ ብዙዎቹ እምነቱ እዚሁ አገር ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ መልኩን እንደያዘ ይናገራሉ። ከመነኮሳቱ አባ ሳብራን የሚያስታውሰው የቤተ እስራኤል ትውፊትም ከዚሁ ዘመን ነው። ሁለቱንም ሳትፈሪ አንብቢ።

ስግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል እንዳያመልጥሽ። ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን 29 ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው። በአገሩ ሳለ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ኦሪቱን ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ስለ ሕጉ መሰጠትና የነህምያ የንስሐ ጸሎት ይነበባል፤ ከቀትር በኋላ ወርዶ ይበላል። አምቦበር ትልቁ ቦታ ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሲሆን ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ በግእዝ ያነባሉ። የአያትሽ የቆየ ሥርዓት ዛሬም በግልጽ የሚታይበት ቀን ይህ ነው።

ስለ እምነት ለውጥ ያልጠየቅሽውን እንጨምር፤ መቆየቱ አይጠቅምሽም። ዘርሽ ተረጋገጠ ማለት ከቤተ ክርስቲያን መውጣት ግዴታሽ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም ወደ አይሁድ ሃይማኖት መግባት ከፈለግሽ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም፤ ማኅበሩም አይቀበለውም፤ የሃይማኖት ፍርድ ቤቱም በመጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህን ነው። መንገዱ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ሦስት ዳኞች ፊት መቅረብና በሚቅዌ (በሥርዓት መታጠቢያ ገንዳ) ውሃ መጠመቅ። ይህን በአንድ ወር የሚጨርስልሽ ሰው ካገኘሽ ተጠንቀቂ። ቅዱስ ቁርባን እየተቀበልሽ በሌላ በኩል ምኩራብ እየሄድሽ ለሁለቱም አትዋሺ፤ ለንስሐ አባትሽ ጥናት ላይ እንዳለሽ መናገር ትችያለሽ።

ለዚህ ወር ሥራሽ ግን ትንሽ ነው። አክስትሽ ጋ ሂጂ፤ መንገዱ ካልፈቀደ በስልክ አናግሪያት። አያትሽ ያለችውን ቃል በቃል አስደግመሽ ቅጂ፤ የት ተቀምጣ፣ ማን ባለበት፣ መቼ እንዳለችው ጠይቂ። ከዚያ የአያትሽን እናት ስም፣ የመንደሯን ወንዝና የጥምቀቷን ዕድሜ ጠይቂያት። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱን ለአክስትሽ ልጆች ስጪ።